በባለስዕል መጽሐፍ ስለ ልዩ ልዩ ቤተሰቦች ከልጆች ጋር እንዴት ይወራል?

ጎንደር ውስጥ አንድ ሰፈር ብቻ ዞር ዞር ብትሉ የቤተሰቡ ዓይነት ብዙ ነው። እናት ዓረብ አገር ሄዳ ልጆቹን አያት የሚያሳድጉበት ቤት አለ። እናት ብቻዋን የምታሳድግበት አለ። ግማሹ ዘመድ እስራኤል የገባበትም አለ። የልጆች መጽሐፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምናየው አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ነው።

መጀመሪያ መጽሐፉን ብቻችሁን ግለጡት። ያለ አባት የሚያድገው ልጅ ሁሌ ሲያለቅስ ነው የተሳለው? የእንጀራ እናቷስ ክፉ ናት? (ተረቶቻችን በዚህ በኩል ምሕረት የላቸውም።) እንዲህ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆን ችግር የለም፤ ጽሑፉን ትታችሁ ስዕሉን በአማርኛ አውሩት። ፊደል ያልቆጠሩ አያትም በዚህ መንገድ ጥሩ አድርገው "ያነባሉ"።

ቀጥሎ ልጁ ይመልከት፤ እናንተ ዝም በሉ። ለምሳሌ አንዲት ሴት ልጅቱን ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ሹሩባ ስትሠራት የሚያሳይ ገጽ ላይ ናችሁ እንበል። ልጁ "እናቷ ናት" ካለ "አይደለችም" ብላችሁ አትቁረጡት። "ምኗን አይተህ ነው?" በሉት። ጣቱን እጇ ላይ ወይም ነጠላዋ ላይ ያሳርፋል። ያኔ "እኔ ደግሞ ሽበቷን አይቼ አያቷ ናት ብዬ ነበር" ማለት ይቻላል። "እዚህ ቤት ማን ማን አለ? ራት ማን ያበላታል?" ብላችሁ ጠይቁ። "አባቷስ የት ሄደ?" አትበሉ። ይሄ ጥያቄ ቤቱ ጎዶሎ ነው ብሎ ይጀምራል።

ከባዱ የሚመጣው ልጁ "የኔስ አባት?" ሲል ነው። አጭርና እውነት መልሱ። "መተማ ሰሊጥ ላይ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይመጣል" በቂ ነው። የሞተ ሰው ከሆነ "ሞቷል" በሉ። "ሩቅ አገር ሄዷል" ካላችሁት ልጁ በር በሩን ሲያይ ይኖራል። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ማንንም ልጅ ስለ ቤቱ በግድ አታስወሩ፤ ስለ ስዕሉ ያውራ።

የናንተን ቤት የሚመስል መጽሐፍ ካጣችሁ ስፉት። 4 ወረቀት መሀል ለመሀል አጥፋችሁ እጥፋቱን በመርፌና ክር ብትሰፉት 16 ገጽ ይወጣዋል። ልጁ ቤተሰቤ ነው የሚለውን ይሳልበት። ቡና የምታጣጣውን ጎረቤት ከጨመረ ተዉት።

ከፍ ላሉት ደግሞ ፋሲል ግቢ ወስዳችሁ የምንትዋብን ግንብ አሳዩአቸው። እቴጌይቱ በልጅነቱ የነገሠ ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን፣ ኋላም የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን ይዘው አገር አስተዳድረዋል። ቤት ሲመለሱ እነሱንም ይሳሏቸው፤ ገጽ ካለቀ አንድ ወረቀት ጨምሩ።