ብራውዘሩ ተንቀራፈፈ? መጀመሪያ ጥፋተኛውን እንለይ

ኮምፒውተር ጥገና ቤት ገብታችሁ «ክሮም ዘገየብኝ» ብትሉ የምትሰሙት መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ቤት ውስጥ ደግሞ ጥፋቱ ሁሌም የኔትወርኩ ነው። ሁለቱም አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ግን ሳይለዩ መገመት ገንዘብም ጊዜም ያስከፍላል። ባልተጠየቀበት ፎርማት ምክንያት የልጆቹን ፎቶ ያጣ ሰው ስንት ነው!

ዝግታው ብዙ ጊዜ ከሦስት ቦታ ነው የሚመጣው፦ ከኢንተርኔቱ፣ ከብራውዘሩ ወይም ከኮምፒውተሩ። ለመለየት ብዙ አይፈጅም። ስልካችሁን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኙ። ሞባይል ዳታውን ማጥፋት እንዳትረሱ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የዘገየውን ገጽ ስልኩ ላይ ክፈቱ። እሱም ላይ ከተጎተተ ነገሩ በአብዛኛው የኢንተርኔት ነው። ስልኩ ላይ ቶሎ ከከፈተ ኢንተርኔቱን ተዉት፤ ችግሩ ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ቀጥሎ ብራውዘሩን ዝጉና ወርድ ወይም አንድ ፎልደር ክፈቱ። እሱም ካቃሰተ ብራውዘሩን አትውቀሱት።

ስልኩም ኮምፒውተሩም ላይ ይዘገያል

ራውተሩን አጥፍታችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩት። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እንለፈው።

ካልተሻለው ኮምፒውተሩን በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኙ። በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ የሚዘገይ ከሆነ ዕቃው ሳይሆን ቦታው ነው ችግሩ። ቆርቆሮና ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ዋይፋይን ክፉኛ ያዳክማሉ። ራውተሩ ሁለት የዋይፋይ ስም የሚያሳይ ከሆነ፣ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ቅርብ ላይ ይፈጥናል፤ ራቅ ሲል ግን 2.4 የሚባለው ይሻላል።

በኬብልም ከዘገየ ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ ጥቁር መስኮት) ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል ፒንግ (ping) ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ 8.8.8.8 (የጉግል ሰርቨር አድራሻ ነው) ጻፉና ኢንተርን ተጫኑ። አራት መስመር ይመጣል፤ እያንዳንዱ ላይ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ ተጽፏል። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ከሆኑ መስመሩ ጤነኛ ነው። አንዴ 90፣ አንዴ 900 የሚል ከሆነ፣ ወይም «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» እያለ ከዘለለ መስመሩ ይቆራረጣል ማለት ነው። ስክሪኑን ፎቶ አንሱትና ለአገልግሎት ሰጪያችሁ ስትደውሉ ያያችሁትን ንገሯቸው። «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ «ከአራቱ ሁለቱ ይጠፋሉ» ማለት ቶሎ ያግባባል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ የቤት ኢንተርኔት ፍጥነት የሚሸጠው በሰከንድ በሜጋቢት ነው። ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ግን ሜጋባይት ነው። 8 ሜጋቢት ማለት 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ 4 ሜጋቢት ገዝቶ በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት የሚያወርድ ሰው አልተጭበረበረም።

ኢንተርኔቱን ማን እየበላው እንደሆነም እዩ። የዊንዶውስ አፕዴት፣ በቴሌግራም ግሩፕ የሚላክ ቪዲዮ ሁሉ ራሱን ሲያወርድ፣ ፓስወርዱን ከበዓል ጀምሮ የያዘው ጎረቤት... ለዊንዶውሱ፣ የኔትወርክ ሴቲንግስ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ፤ አብዛኛውን አፕዴት ያቆየዋል። ለጎረቤቱ ፓስወርድ ቀይሩ።

ስልኩ ላይ ይፈጥናል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ብራውዘሩ ብቻ ይንቀራፈፋል

ብዙው ሰው ያለው እዚህ ነው።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤንን አንድ ላይ ተጫኑ። የክሮም ኢንኮግኒቶ መስኮት ይከፈታል። ያንኑ ገጽ እዚያ ሞክሩት። ኢንኮግኒቶ ውስጥ፣ እናንተ ራሳችሁ ካልፈቀዳችሁ በቀር፣ ኤክስቴንሽኖች (ብራውዘሩ ላይ የሚጫኑ ትንንሽ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) አይሠሩም። ስለዚህ እዚያ ፈጥኖ በተለመደው መስኮት ከዘገየ ዋነኛው ተጠርጣሪ ኤክስቴንሽን ነው።

አስቡት። ቪዲዮ ማውረጃ ብላችሁ ያስገባችሁት፣ ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይረው፣ አንድ ቀን ብቻ የተጠቀማችሁበት ስክሪን ማንሻ። ብዙዎቹ በምትከፍቱት ገጽ ሁሉ እየገቡ ይሠራሉ። በየካቲት 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲገደቡ ስንቱ ሰው ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ጫነ። ገደቡ ከወራት በኋላ ተነሳ፤ ቪፒኤኑ ግን ብዙ ኮምፒውተር ላይ እዛው ቀረ። እሱ በርቶ ከሆነ የአዲስ አበባ ዌብሳይት ለመክፈት ጥያቄያችሁ አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል። የነፃው ሰርቨር ደግሞ ተጨናንቋል። ኤክስቴንሽኖቹን ሁሉ አጥፉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያበራችሁ ሞክሩ። ማስታወቂያ ማገጃውን ግን እኔ ብሆን አልነካውም። ገጹን ያቀልላል፣ ዳታም ይቆጥባል።

ኢንኮግኒቶም ውስጥ ከዘገየ ሺፍትና ኢስኬፕን ተጫኑ። ኢስኬፕ ከላይ በግራ ጥግ ያለው ቁልፍ ነው። ክሮም የራሱ ታስክ ማኔጀር አለው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። «ሜሞሪ ፉትፕሪንት» የሚለውን ርዕስ ንኩት፤ ዝርዝሩ በሚበሉት መጠን ይደረደራል። ከላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ያልጠበቃችሁት ነው፦ ጠዋት ከፍታችሁ የረሳችሁት የቀጥታ ውጤት ገጽ፣ ራሱን የሚያጫውት ቪዲዮ የሞላበት የዜና ድረ ገጽ። መርጣችሁ «ኢንድ ፕሮሰስ» በሉት። ክሮም ታቦችን በአብዛኛው ለየብቻ ስለሚያስኬድ አንዱን ብትገድሉት ሌላው አይነካም። የዚህ ነፃነት ዋጋ ግን ራም (ኮምፒውተሩ የተከፈተውን ሁሉ የሚይዝበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ነው። 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ 30 ታብ መክፈት ክሮምን ሳይሆን ራስን መበደል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ሥር «ሜሞሪ ሴቨር» አለ፤ አብሩት። የማትጠቀሙበትን ታብ ያስተኛዋል፣ ስትመለሱ እንደገና ይከፍተዋል።

አሁን «ካሽ ክሊር አድርግ» ወደሚለው ምክር። ለዝግታ መድኃኒት ተደርጎ መታዘዙ ይገርመኛል። ካሽ ማለት ብራውዘሩ ያወረዳቸውን ምስሎችና ፋይሎች ዲስክ ላይ አስቀምጦ ዳግም እንዳያወርድ የሚረዳው ነገር ነው። ስታጸዱት ሁሉንም እንደ አዲስ ያወርዳል፤ ለዚያውም ከእናንተው ዳታ። አንድ ድረ ገጽ ብቻ ተበላሽቶ ሲታይ ወይም ዲስኩ ሲሞላ አጽዱት። ያኔም «ኩኪስ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፤ አለዚያ ከብዙ አካውንቶቻችሁ ያስወጣችኋል፣ ፓስወርድ ፍለጋም ትጀምራላችሁ።

ያልመረጣችሁት የመፈለጊያ ገጽ የሚከፈት ከሆነ፣ ወይም በየደቂቃው ማስታወቂያ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ከክራክ ሶፍትዌር ጋር የገባ ነገር ሳይኖር አይቀርም። በአንቲቫይረስ ፈትሹ። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ «ሪሴት ሴቲንግስ» አድርጉ። ኤክስቴንሽኖችን ያጠፋል፣ ኩኪስን ያጸዳል፤ ቡክማርክና የተቀመጠ ፓስወርድ ግን አይነካም።

ዊንዶውስ 7 ላይ ላላችሁ፦ ለእናንተ የመጨረሻው ክሮም 109 ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ አዲስ አልወጣለትም። አዳዲስ ገጾች እየከበዱት፣ አንዳንዶቹም እየተሰባበሩበት ይሄዳሉ፤ ሴቲንግ ብትነካኩ አይሻሻልም።

ብራውዘሩ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ይጎተታል

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ። የዊንዶውሱ ታስክ ማኔጀር ነው። ሁለት ዓምድ ብቻ እዩ። «ሜሞሪ» ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ ራሙ ሞልቷል፤ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ይገፋል። «ዲስክ» 100 ላይ ተቸንክሮ፣ የላፕቶፑ የዲስክ መብራት ሳያቋርጥ እየበራ፣ ማውሱ ስታክ ካደረገ ደግሞ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አልቻለም።

ብር የምታወጡ ከሆነ መጀመሪያ በኤስኤስዲ (የማይሽከረከር፣ ፈጣን ዲስክ) ላይ አውጡት። ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ራም ሁለተኛ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ላፕቶፑ ተጨማሪ ራም እንደሚቀበል አስፈትሹ፤ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ አይጨመርም።

ቻርጀር ሲነቀል ብቻ የሚዘገይ ከሆነ የባትሪ ቁጠባው በርቷል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚዘገይና የሚግል ከሆነ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኗል፤ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁታል። ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል።

ገጹ ጭራሽ አይከፈትም፣ ስለ ሰዓት ያማርራል

ይህ ዝግታ ባይሆንም ከዝግታ ጋር ይምታታል። «ዩር ክሎክ ኢዝ ቢሃይንድ» ካለ የኮምፒውተሩ ቀን ተሳስቷል። እኛ አገር አንድ የተለየ ምክንያት አለው፦ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስገባ ሰው አለ። ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሲሄድ የድረ ገጹ የደህንነት ሰርተፍኬት ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል፣ አልከፍትም ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክሉት። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ እየተመለሰ የሚሳሳት ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ዴስክቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት፤ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱና ያንኑ ቁጥር ግዙ።