ዘንዶው ዘንዶ ይሁን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ። ማታ ማታ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የአንድ የንባብ ግሩፕ አድሚን ነኝ። አብዛኞቻችን የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ነን፤ ከሐይቅ፣ ከባቲና ከወልድያም አሉ። አንድ መጽሐፍ እንመርጣለን፣ እናነባለን፣ ከዚያ በድምፅ እናወራለን። ሲሳካልን ደራሲውን እንጋብዛለን። የታሪክ ጸሐፊ መጋበዝ ቀላል ነው፤ የፋንታሲ፣ ማለትም የምናባዊ ዓለም ልቦለድ፣ ደራሲ ግን ሌላ ጣጣ አለው። አንዲት ወጣት ደራሲ ጋብዘን አፍረናል። እናንተ እንዳታፍሩ ልንገራችሁ።

እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ቤት ይጠረጋል። እኛ አልጠረግንም። ልጅቱ ግሩፑ ውስጥ እንደገባች መጀመሪያ ያየችው የራሷን መጽሐፍ ነው፤ በስልክ ተነስቶ ፒዲኤፍ የሆነውን። ገጽ 60 ላይ የአንሺው አውራ ጣት ሁሉ አለ። እሷም ሰላምታ ሳታስቀድም "ጣቱ የማን ነው?" ብላ ጻፈች። ፎቶ ኮፒ ማሽን ያለኝ እኔ ነኝና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወላሂ የእኔ አይደለም። የእኔ ጥፍር ሂና አለው፣ ያኛው የለውም።

ስለዚህ ከመጋበዛችሁ በፊት የግሩፑን ፋይሎች ክፈቱና የመጽሐፉን ስም ፈልጉ። አንድ ጊዜ ፈልጎ መተው አይበቃም። ሰዉ በሃሌታው "ሀ"ም፣ በሐመሩ "ሐ"ም፣ በፀሐዩ "ፀ"ም፣ በጸሎቱ "ጸ"ም ይጽፋል፤ በሁሉም ፈልጉ። ያገኛችሁትን ለሁሉም እንዲጠፋ አድርጋችሁ አጥፉ። ከዚያ መጽሐፉን ግዙ። እኛ ለሦስት ሰው አንድ እያልን አዋጣን። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መጽሐፉ በአውቶቡስ መጥቶ ሦስት እጅ እስኪዞር ወር አይበዛበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመጀመሪያው ምሽት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የግሩፓችን ጋሼ፣ ማይኩን ያዙ።

"ልጄ፣ ይሄ ዘንዶ የትኛው መንግሥት ነው?"

"ዘንዶ ነው፣ ጋሼ።"

"እሱማ ገብቶኛል። ማንን ለማለት ነው?"

"ማንንም። ተራራ ሥር የሚኖር፣ ጨው የሚበላ ዘንዶ ነው።"

"ፈራች!" አሉና ሳቁ። ከዚያ ሌላው ተነሳ፤ ጠንቋይዋስ ማን ናት? የተቃጠለው ከተማስ? አርባ ደቂቃ በዚህ አለቀ። ልጅቱ መብራት ጠፋብኝ ብላ ወጣች። ይጥፋ አይጥፋ አላህ ያውቃል።

በጋሼ አልፈርድም። እኛ ሰምና ወርቅ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን። እዚህ ወሎ ደግሞ የሼህ ሁሴን ጅብሪል የትንቢት ግጥም በተነሳ ቁጥር "ይቺ ስንኝ ማንን ነው?" የማይል የለም። ወርቅ መፈለግ ለምዶብናል። የፋንታሲ ደራሲ ግን ብዙ ቀን የደከመችው ሰሙ ላይ ነው። ዘንዶው ውሃ የሚጠጣው የት ነው? አስማት የሚሠራ ሰው ምን ይከፍላል? ይሄንን ሁሉ አስባ ትመጣለች፣ እኛ ደግሞ አልፈነው ጓዳ ለጓዳ ወርቅ እንፈልጋለን። ወርቅ ቢኖረውም እንኳ በመጀመሪያው ቀን አይጠየቅም።

ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። "አብሽሪ" አለችኝ፤ ቃሉን ከእኛው ነው የለመደችው። ከወር በኋላ እንድትመለስ ተስማማን። በዚያ መሃል ለግሩፑ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ "ማንን ነው?" የሚል ጥያቄ ተከልክሏል፣ "እንዴት ነው?" ይፈቀዳል። ጥያቄም ቀድሞ በውስጥ መስመር ወደ እኔ ይላካል።

ከተላኩት አንዱ ከባቲ ነበር። ሰውየው ነጋዴ ነው፤ የሰኞ ገበያ ሲያይ ያደገ፣ አፋሩ ከቆላ ደገኛው ከደጋ መጥተው ሲገበያዩ የሚያውቅ። "ዘንዶው ጨው የሚበላ ከሆነ፣ ጨው የጫኑት ግመሎች በየት ያልፋሉ?" ይላል። ተመልሳ የመጣች ዕለት ይሄን ሳነብላት የልጅቱ ድምፅ ተለወጠ። የሳለችው ካርታ እንዳለ፣ ግመሎቹ የሚሄዱት በሌሊት ብቻ እንደሆነ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ መንገድ ከመጽሐፉ ቆርጣ እንዳወጣች ነገረችን። ሩብ ሰዓት ያህል ማንም አላቋረጣት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለት ካገኛችሁ ምሽቱ ሞላ በሉ።

ከአባላት አንዱ "ፋንታሲ የፈረንጅ ነው" ማለቱ አይቀርም። የእኛን የሐይቅን አፈ ታሪክ አስታውሱት። ነፍሰ ጡር ሴት የበደለች ልዕልት ከነወገኗ በውሃ ተዋጠች፣ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ቀረ ይባላል። ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። ይሄን እየሰማ አድጎ ዘንዶ ገረመኝ ካለ ተዉት።

የስሞቹን ነገር አትርሱ። ደራሲዋ የፈጠረቻቸው ስሞች ጠብቀው ይነበቡ ላልተው ፊደሉ ላይ አይታወቅም። "ገና" ብለን የምንጽፈው ጠብቆ በዓል፣ ላልቶ "እስካሁን" እንደሚሆነው ማለት ነው። ስሞቹን በድምፅ ቀድታ እንድትልክ ጠይቋት፣ ከዚያ ግሩፑ አናት ላይ ስቀሉት። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ፊቷ አጣሞ መጥራት ልጇን አጣሞ እንደመጥራት ነው።

ሰዓቱ ከኢሻ በኋላ ይሁን፤ እኛ ማታ 2:30 እናደርጋለን። የሁሉም ማይክ ይዘጋ። ወዳጃ በምንለው የዱዓ ስብሰባ ላይ አንዱ ዱዓ ሲያደርግ ሌላው አሚን እንደሚለው፣ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይስማ። መጨረሻውን ያላነበበ እንዳይበሳጭ ደግሞ ምሽቱን በቡናው ዙር ከፋፍለነዋል። ሁሉም በየቤቱ ያፈላል። በአቦል የመጽሐፉ መጀመሪያ ብቻ ይወራል፣ በቶና እስከ አጋማሹ፣ በረካ ላይ ያልጨረሰ ሰው መርቆ ይወጣል። የሚገርመው፣ ከምርቃት በኋላ ሁለት ሰው ብቻ ነው የወጣው።

ጋሼም ያን ምሽት በረካ ላይ ጠየቁ። "ልጄ፣ ዘንዶው ጨው ሲያጣ ምን ይሆናል?" ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ክረምቱን ብርድ ይፈጀዋል አለቻቸው። "ምስኪን" አሉ። የደሴን ብርድ ስለሚያውቁ ይሆናል፣ ከልባቸው ነበር።

ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው፣ በውስጥ መስመር።

"ጨው ያለችው ግን ደሞዝ አይደለም?"