ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሰፈሩን በማታ እዩት

ደላላ ቤት የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ነው። እናንተ ግን ቤታችሁ የምትሆኑት በአብዛኛው ከሥራ መልስ ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን፣ ከመሸ በኋላ፣ ለደላላው ሳትነግሩ ተመልሳችሁ ሂዱ።

ከትራንስፖርት መውረጃው እስከ በሩ በእግር ሂዱ። የመንገድ መብራት አለ? ብቻቸውን የሚሄዱ ሴቶችና አዛውንቶች ይታያሉ? እነሱ ዘና ብለው ከተራመዱ ከማንም ምስክርነት ይበልጣል። ከዚያ በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል ባለው መንገድ ላይ ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ክፈቱ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የመኪና ጫጫታ ሌሊት በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። የስልክ ልኬት ያን ያህል አይታመንም፤ ሁለት ሰፈር ለማወዳደር ግን ይበቃል። የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል።

ለምን በማታ? ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬት ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ያለው አየርም ከላይኛው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ያኔ ድምፅ ወደ ላይ በመበተን ፈንታ ወደ መሬት ይታጠፋል። ቀን ልብ ያላላችሁት የሩቅ አውራ ጎዳና ሌሊት እደጃፋችሁ ያለ ይመስላል።

ሰፈሩን ጨርሶ ካላወቃችሁት ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ ገልብጡት። የምትተኙት ቀን ስለሆነ ረፋድ ላይ ሄዳችሁ አዳምጡ።