ምሪቱ በማይታይበት ጊዜ በእግዚአብሔር እንዴት መታመን ይቻላል?

ለጸሎት ተንበርክከው የሚሉት ነገር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሲያልቅብዎ፣ ያንኑ የመዝሙር ቁጥር ደጋግመው አንብበው ምን እንዳነበቡ ሳያውቁት ሲቀሩ፣ «ጸሎቴ ከጣሪያ አያልፍም» ማለት ይመጣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚመኘው እግዚአብሔር እየመራው መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ ምልክት ማግኘትን ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናገኛቸው ሰዎች ግን መመራታቸውን የተረዱት በአብዛኛው መንገዱን ካለፉት በኋላ ነው። የዮሴፍ ታሪክ ሲጀምር የ17 ዓመት ልጅ ነበረ፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመት ሆኖት ነበር። ወንድሞቹን «ከእናንተ በፊት የላከኝ እግዚአብሔር ነው» ያላቸው ከዚያም ዘግይቶ፣ ረሃቡ ወደ ግብፅ ካመጣቸው በኋላ ነው። በእስር ቤት ሳለ ስለ ደረሰበት ነገር ለጠጅ አሳላፊዎች አለቃ የነገረው ከአገሩ ተሰርቆ መወሰዱንና ያለ በደሉ መታሰሩን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ምልክት ስለማግኘት አይደለም፤ ትርጉሙ ገና ባልታየበት በመካከለኛው ጊዜ እንዴት መቆየት እንደሚቻል ነው።

አስቀድመው ሰውነትዎን ይመርምሩ። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሆኖ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ ትምህርት አልሰጠውም፤ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራሱ አጠገብ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ መጥቶ አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው የእግዚአብሔር ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ኤልያስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ወደ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህን ምዕራፍ የምናነብ ብዙዎቻችን ወደ ትንሹ የዝምታ ድምፅ ስንቸኩል እንጎቻውን እናልፈዋለን። እንቅልፍ ካጡ ሳምንታት ካለፉ፣ ምግብ ካስጠላዎት ወይም ያለ ዕረፍት ከሠሩ፣ የእምነት መድከም የሚመስልዎት ነገር የሰውነት መድከም ሊሆን ይችላል። ሐዘኑ ከጸና፣ በተለይም ሞትን መመኘት ከመጣ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ይህ እምነት ማጣት አይደለም።

ቀጥሎ ቅሬታዎን ለእግዚአብሔር ራሱ ይንገሩት። መዝሙር 13 (በሰባ ሊቃናት አቆጣጠር 12) ሲጀምር «እስከ መቼ» የሚለውን ጥያቄ አራት ጊዜ ይደጋግማል። መዝሙር 88 (87) ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ሆኖ በጨለማ ያበቃል፤ እንደሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት በምስጋና አይዘጋም። ያም ሆኖ ከጸሎት መጽሐፍ አልወጣም። የሚጸልዩትን ጸሎት ለማሳመር አይድከሙ፤ ያሳዘነዎትን ነገር ለይተው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩት። «ሁሉም ነገር ጨለመብኝ» ከማለት ይልቅ «ስለ ወንድሜ ጤና ብዙ ጊዜ ለመንሁህ፣ አልተሻለውም፣ እኔም አዝኜብሃለሁ» የሚለው ቃል እውነተኛ ጸሎት ነው። ስለ እግዚአብሔር ለሰው ማማረር ቀስ በቀስ ከእርሱ ያርቃል፤ ለእርሱ ለራሱ ማማረር ግን ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ነገሩን በገዛ እጅ ለመጨረስ አለመቸኮል ነው። ሳኦል ሳሙኤል የቀጠረውን ሰባት ቀን ጠበቀ፤ ሕዝቡ ከእርሱ ሲበታተን ባየ ጊዜ ግን መሥዋዕቱን ራሱ አሳረገ፤ አሳርጎም እንደ ጨረሰ ሳሙኤል መጣ። ብስጭት የወለደው ውሳኔ ብዙ ጊዜ መንፈሳዊ መልክ ይዞ ይመጣል፤ መጽሐፍ ቅዱስን በዘፈቀደ ገልጦ ዓይን ያረፈበትን ቁጥር እንደ መልስ መውሰድም ከዚሁ ይቆጠራል። ሥራን፣ ትዳርን ወይም የአምልኮ ኅብረትን የሚነካ ትልቅ ውሳኔ ሊዘገይ የሚችል ከሆነ ልብዎ እስኪረጋጋ ድረስ ያቆዩት። ጥቃት ወይም አደጋ ውስጥ ያለ ሰው ግን ምሪት እጠብቃለሁ ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ በቶሎ ይውጣ።

በመጠበቅ ላይ ሳሉም የሚያውቁትን ግዴታ ይፈጽሙ። ሩት ቃርሚያ ለመልቀም የወጣችው ለራሷና ለአማቷ እህል ለማግኘት እንጂ ራእይ አይታ አልነበረም፤ ወደ ቦዔዝ እርሻ መድረሷን ተራኪው የሚገልጸው እንደ አጋጣሚ ነው። የታመመ የሚጠይቁ ከሆነ ይጠይቁ፤ የተበደሩትን ይክፈሉ፤ ጸሎቱ ቢያጥርም ሰዓቱን አይተዉ።

አንድ ደብተርም ያዘጋጁ። ቀኑን፣ የለመኑትን ነገርና በዚያ ሳምንት የሆነውን ይጻፉ፤ ትርጓሜ አይጨምሩበት። ለምን ትንንሹ ነገር ሁሉ ይጻፋል ቢሉ፣ በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር የእግዚአብሔር ስም አንድም ጊዜ አልተጠራም፤ ታሪኩ የሚዞረው ንጉሡ እንቅልፍ አጥቶ የታሪክ መዝገብ ባስነበበበት ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት፣ በመዝገቡ ውለታው ተጽፎ የተገኘው የአስቴር አሳዳጊ መርዶክዮስ ስለ ንጉሡ እንቅልፍ ማጣት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩን ሲያነቡ፣ ያኔ ምንም የማይመስል የነበረ የስልክ ጥሪ ወይም የተሰረዘ ቀጠሮ ከሌላ ነገር ጋር ተያይዞ ሊያገኙት ይችላሉ። ሁሉም ነገር ግን አይያያዝም፤ ለማያያዝም አይታገሉ። ኢዮብ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ከተናገረው በኋላም የመከራውን ምክንያት አልተነገረውም። አስቀድሞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቢሄድ እንደማያገኘው ተናግሮ፣ እግዚአብሔር ግን የእርሱን መንገድ እንደሚያውቅ ሲመሰክር ነበር። እኔ እንደሚገባኝ መታመን ማለት ከዚህ የሚበልጥ ነገር አይደለም፤ መንገዱን እኛ ባናውቀውም የሚያውቀው አለ ብሎ መቆየት ነው።

ይህን ሁሉ ብቻዎን አይሸከሙት። የንስሐ አባትም ይሁኑ መጋቢ ወይም በሳል ወዳጅ፣ የሚሰማዎት ሰው ይፈልጉ፤ ሲሄዱም መልስ እንዲሰጥዎ ሳይሆን ደብተሩን አብሮ እንዲያይልዎ ይጠይቁት። በተለይ መንገዱ የተከፈተ ሲመስልዎት ይህ ሰው ያስፈልግዎታል። ጳውሎስና ባልንጀሮቹ በእስያ ቃሉን እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ ወደ ቢታንያ ሊሄዱ ሞክረውም አልተፈቀደላቸውም፤ ምክንያቱ ሳይነገራቸው ወደ ጢሮአዳ ወረዱ። የመቄዶንያውን ሰው በሌሊት ራእይ ያየው ጳውሎስ ብቻውን ነበር፤ እግዚአብሔር ወደዚያ ጠርቶናል ብለው የተረዱት ግን አብረው ነው፤ ወዲያውም ለመሄድ ተነሡ።