አበባው ሳይጠፋ በሶብላዬን እንደገና ያስቆጠቆጥሁበት መንገድ
በጓሮዬ ለውበትም ለቅመምም ያሳደግሁት በሶብላ ሐምራዊ አበባውን በብዛት ካወጣ በኋላ ቅጠሉ እያነሰ፣ ግንዱም እየጠነከረ ሄደ፤ ምክንያቱም ተክሉ ካበበ በኋላ ጉልበቱን በአብዛኛው ዘር ለማፍራት ያውለዋል። መፍትሔው መቁረጥ ነው፤ ሆኖም አበባው ለንቦች ቀለብ፣ ለበርበሬና ለሽሮም መዓዛ በመሆኑ (ለዓይንም ከብዙ የጌጥ አበቦች አያንስም) ሁሉንም ማጨድ አልፈለግሁም። ስለዚህ የቅርንጫፎቹን ግማሽ ያህል፣ አረንጓዴ ቅጠል ካለበት አንጓ ጥቂት ከፍ ብዬ፣ በስለታም መቀስ ቆረጥሁ፤ ከየአንጓውም ሁለት ሁለት ቀንበጥ አቆጠቆጠ። ቅጠል አልባውን የጠነከረ ግንድ አልነካሁትም፤ ከዚያ አዲስ ቀንበጥ እምብዛም አይወጣም። የቆረጥሁትን አበባ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አሰጣሁት፤ የጠራራ ፀሐይ መዓዛውን ይቀንሰዋልና።