ያገለገለ ፒክአፕ ሲያመነታና ነዳጅ ሲበላ፦ ባሕር ዳር ላይ የሚደጋገሙ የፍተሻ ስህተቶች

ፒክአፑ ሲረገጥ ካመነታና ናፍጣውን እንደ ውሃ ከጠጣ፣ ቀድሞ የሚመጣው ምክር «ፓምፕና ኖዝሉ ይፈታ» የሚል ነው፤ ናፍጣውን የሚገፋውና ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ማለት ነው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ታንከር ውስጥ፣ የአየር ቱቦ ላይ ወይም ጎማ ሥር ተቀምጦ ገንዘቡ ፓምፑ ላይ ይፈሳል። እዚህ የተጻፈው በአብዛኛው ለናፍጣ ሞተር ነው፤ ቤንዚኑ በሚለይበት ቦታ ላይ ይጠቀሳል።

ጌጅ አይቶ «በላ» ማለት

የነዳጅ ጌጅ በግምት ነው የሚሠራው። በሊትር ስንት እንደሚሄድ ለማወቅ ማደያ ገብተው የመቅጃው አፍ ራሱ እስኪዘጋ ያስሞሉ፤ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ ያድርጉ፤ ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ይንዱ። ጎንደር ደርሶ መልስ ለዚህ ይበቃል። ሲመለሱ እዚያው ማደያ፣ እዚያው መቅጃ፣ መኪናውን በዚያው አቅጣጫ አቁመው እንደገና ያስሞሉ። 352 ኪሎ ሜትር ሄዶ 38 ሊትር ከገባበት በሊትር 9.26 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ባዶ ነበር ወይስ ከፎገራ ሩዝ ጭኖ ነበር የመጣው? ይህንም አብረው ይጻፉት፤ የባዶውንና የተጫነውን ልኬት ማወዳደር ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ጎማው ያታልላል። የቀድሞው ባለቤት 205አር16 አውልቆ 265/70አር16 አስገብቶ ከሆነ፣ አዲሱ ጎማ በ5 ከመቶ ገደማ ይሰፋል። ዳሽቦርዱ 100 ኪሎ ሜትር ሲል መኪናው የሄደው 105 ነው። ከላይ ያለው 9.26 በእውነቱ 9.7 ነበር። ሞተር ከማስነካትዎ በፊት ስልክዎ ላይ ጂፒኤስ ከፍተው ቀጥ ባለ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ነድተው ያመሳክሩ።

ሜዳ ላይ ብቻ መሞከር

ባሕር ዳር ለጥ ያለች ከተማ ናት። በዘንባባዎቹ ሥር ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ መዞር የታመመ ሞተርንም ጤነኛ ያስመስለዋል። ሻጭ ይህን በደንብ ያውቃል። መኪናው ላይ ጥቂት ኩንታል ጭነው ቤዛዊት ዳገት ላይ ይሞክሩት። በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ሳለ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይርገጡና መቼ እንደሚያመነታ ልብ ይበሉ።

ልክ ሲረገጥ ዘግይቶ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ፣ ከዚያ የሚነሣ ከሆነ አየር አጥሮታል፤ ፊልትሮውን፣ የቱርቦውን ቱቦዎችና ኢጂአር ቫልቩን (ጭስን መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባውን) ይመልከቱ። ሲነሣ ደህና ሆኖ ዳገቱ ሲረዝም ወይም ዙሩ ከፍ ሲል የሚሞት፣ ጭስም የሌለው ከሆነ ደግሞ ናፍጣ አልደረሰውም፤ ጥፋቱ ከታንከር እስከ ፓምፕ ባለው መስመር ላይ ነው። በእኩል ፍጥነት እየሄደ በድንገት የሚነቀንቅና የሚተው ሞተር አየር እየሳበ ወይም የኤሌክትሪክ ግንኙነት እየላላበት ነው። ኮመን ሬል በሆኑት (በኮምፒውተር በሚታዘዙት የናፍጣ ሞተሮች) ላይ፣ እግር ከነዳጅ መስጫ ሲነሣ የሚጠፋና ቆሞ ሲሠራ ዙሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ፓምፑ ላይ ያለው፣ የሚገባውን ናፍጣ የሚመጥነው ኤስሲቪ የሚባለው ቫልቭ ይጠረጠራል። እሱ ብቻውን ይቀየራል፤ ፓምፑ አይፈታም።

የጭሱን ቀለም የሚያይ ሰው ከኋላ በሌላ መኪና ቢከተል ጥሩ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጠዋት ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ነጭ ጭስ ብዙም አያሳስብም፤ ሞተሩ ሞቆም የሚቀጥልና ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ግን ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ የዘገየ ታይሚንግ ወይም የወረደ ኮምፕረሽን ያመለክታል።

ጉልበት ፍለጋ የፓምፑን ብሎን ማስጠበቅ

ከሁሉም ብዙ ጉዳት ያደረሰው ስህተት ይህ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ጠረፍ አካባቢ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ የአሮጌው ሃይሉክስ 5ኤል፣ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ፓምፑ የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው ግን የሚሰጠው ናፍጣ ያው ነው። የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል።

በዚህ ላይ የናፍጣውን መጠን የሚጨምረው የፓምፑ ብሎን ሲዞር መኪናው ትንሽ የሳበ ይመስላል። ሹፌሩም ደስ ይለዋል። በሳምንቱ ግን ፍጆታው ይጨምራል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይወጣል፣ ፒስተንና ቴስታታ ይጎዳሉ። ስለዚህ መኪናው ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ፓምፕ ከዚህም በሳሳ አየር ላይ ስለተለካ እዚህ ሲመጣ አያጨስም። መተማ ወይም አፋር ቆላ ሲሠራ የኖረ ግን ለወፍራም አየር ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል መቀነስ እንጂ መጨመር አያስፈልገውም። ብሎኑ ላይ ያለው የፋብሪካ ማሸጊያ ከተሰበረ አንድ ሰው ቀድሞ ነካክቶታል።

የአየር ፊልትሮን ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት

የጎሚስታ ኮምፕረሰር 8 ባር ይሰጣል፤ ወረቀቱ ይህን አይችልም። ከ2 ባር በታች አድርገው፣ አፉን ትንሽ አርቀው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይንፉት። ከዚያ ውስጡ አምፖል ይዘው በጨለማ ይዩት፤ ነጥብ ብርሃን ካሳየ ተቀዷል፣ ይጣል። በቤንዚን የታጠበ ወረቀት ፊልትሮም እንዲሁ። የፊልትሮው ቤት ንጹሕ በሆነው ወገን አቧራ ካለ ፊልትሮው ቢቀየርም የዳሩ ጎማ ማሸጊያ አይገጥምም ማለት ነው።

ቱርቦ ላላቸው ከቱርቦ እስከ ሞተር ያሉትን ቱቦዎች በእጅ ይዳስሱ። ከሥር ዘይት የረጠበ መጋጠሚያ አየር የሚያስወጣበት ቦታ ነው። ሳሙና ውሃ ቀብተው ሰው ሲረግጥ አረፋውን ይመልከቱ።

ናፍጣውን ሳያዩ የነዳጅ ፊልትሮ መቀየር

ነዳጅ ሲጠፋ ሰው ከጀሪካንና ከበርሜል ይቀዳል። በርሜሉ ውስጥ ውሃ፣ ዝገት፣ አንዳንዴም ላምባ አለ። ላምባ የፓምፑን ማለስለሻ ያሳጣዋል፤ ውሃ ደግሞ ኖዝልን ያዝገዋል። ፊልትሮ ቀይረው በሁለተኛው ሳምንት ማመንታቱ ከተመለሰ ሦስተኛ ፊልትሮ አይግዙ። ከፊልትሮው ሥር ባለው ማፍሰሻ ግማሽ ሊትር ያህል በጠራ ብርጭቆ ማሰሮ ቀድተው ለግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት። ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይዘቅጣል፤ ጥቁር አተላ ካለም ይታያል። በዚህ ጊዜ ታንከሩ ይፈስሳል፤ ውስጡ ያለው የመምጠጫ ወንፊትም ይጸዳል። በክረምት ሐይቁ ዳር የሚያድር መኪና ታንከሩ ባዶ ባይሆን ይመረጣል፤ ባዶው ቦታ ሌሊት ጤዛ ይቋጥራል።

አየር የሚስብ መስመርም ያው ምልክት አለው። ከፊልትሮው ወደ ፓምፑ በሚሄደው ቱቦ ምትክ ለጊዜው የጠራ ፕላስቲክ ቱቦ ይግጠሙ፤ ሞተሩ ሲሠራ ተከታታይ አረፋ ካለፈ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። መስመሩ ናፍጣ ሳያንጠባጥብ አየር ሊገባበት ስለሚችል «አይፈስም» ብለው አይለፉት።

መካኒካዊ ፓምፕ ላላቸው አሮጌ ሞተሮች ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም፤ 5 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ከሞተሩ አጠገብ በደንብ ያስሩ፣ የመምጫውንም የመመለሻውንም ቱቦ ወደ ጀሪካኑ ይክተቱ፣ በመካከል ፊልትሮ ይኑር፣ ከዚያ ዳገቱን ይውጡ። ማመንታቱ ከጠፋ ፓምፑ ንጹሕ ነው። መመለሻው ከተረሳ ናፍጣው ወደ ታንከር ይሄድና ልኬቱም ፈተናውም ይበላሻል። በቤንዚን ይህን ፈጽሞ አይሞክሩት፤ እሳት ነው።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል

«ሞተር እንዳይሞቅ» ተብሎ ይወጣል። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ላይ እንኳ ተገቢውን 82 ዲግሪ አካባቢ ሳይደርስ ይሄዳል። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ገና ያልሞቀ መስሎት ነዳጅ ይጨምራል፤ ቤንዚን ከሆነ ጭማሪው ይበልጥ ይታያል። የሙቀት መርፌው ከግማሽ በታች ተኝቶ የሚውል ፒክአፕ ሲገዙ መጀመሪያ ይህን ያስከፍቱ። በዚህ ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደህና የራዲያተር ክዳን ግን ግፊቱን ይዞ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የሚሞቅ ሞተር ካለዎት ክዳኑን፣ ራዲያተሩንና የፋን ቺንጋውን ይፈትሹ።

ኮድ የጠራውን ሴንሰር መግዛት

ኮምፒውተሩ ፒ0171 ካለ የቤንዚኑ ድብልቅ ቀጥኗል (አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል) ማለቱ ነው፤ ኦክስጅን ሴንሰሩ ተበላሸ አላለም። የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ያንኑ ኮድ ያመጣል። ሊገዙት ባለው መኪና ላይ ደግሞ ኮድ አለመኖሩ ብቻ አያሳምንዎ፤ ገበያ ሊወጣ ሲል ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ስካነሩ የራስ ፍተሻዎቹ «አልተጠናቀቁም» ካለ ኮዱ ወይም ባትሪው በቅርቡ ተነክቷል።

ሞተር ብቻ ማየት

10 ኪሎ ሜትር ብዙ ፍሬን ሳይዙ ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ ቸርኬዎቹ ያስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ አይለቅም። በክሪክ አንሥተው በእጅ ያሽከርክሩት። ከጭቃ መንገድ የመጣ 4በ4 የፊት መቆለፊያው «ሎክ» ላይ ተረስቶም ይገኛል። የጎማ ነፋስ በጠዋት፣ ሳይሞቅ ይለካ። የሚንሸራተት ፍሪሲዮንም ዙሩን ሲያወጣው ፍጥነቱ ስለማይከተል «ጉልበት የለውም» ተብሎ በሞተር ይሳበባል።

አንድ ኖዝል ብቻ መቀየር

ይህ ሁሉ ታይቶ ኖዝል ላይ ከተደረሰ አራቱም አብረው ይለኩ። በኮመን ሬል ሞተር ላይ ሳይፈቱ ሁለት ነገር ይታያል፤ ስካነሩ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሰጠው ማስተካከያ፣ እና ከእያንዳንዱ ኖዝል በመመለሻ የሚፈሰው መጠን። አራት እኩል ጠርሙሶች ተገጥመው ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ሲሠራ ከሌሎቹ ጎልቶ የሞላው ጥፋተኛውን ያሳያል። በመካኒካዊው ላይ የእያንዳንዱ መክፈቻ ግፊትና አረጫጨት በመፈተሻው ላይ ይታይ፤ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር በወረቀት ይሰጥዎ። ኖዝሎቹ ሲፈቱ የቱቦዎቹ አፍ ወዲያው በንጹሕ ክዳን ካልተዘጋ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲሱን ኖዝል በመጀመሪያው ቀን ትጨርሰዋለች።