ቅጠሉ ተጠቀለለ ብላችሁ ወደ ውሃው አትሩጡ

ሳሎን መስኮት ሥር፣ አንገቱ በተቆረጠ ጀሪካን የተከልኳት የቡና ችግኝ ነበረችኝ። ሐምሌ ላይ ቅጠሎቿ ጫፍ ጫፋቸው ወደ ታች ይጠቀለል ጀመር። ጠምቷት ነው ብዬ ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ ውሃ አጠጣኋት። ባሰባት። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ቡና ሊጠጡ መጡና ጀሪካኑን ከፍ አድርገው ሲይዙት ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ይቺ እኮ ታፍና ነው» አሉኝ። ገልብጠው ሥሯን አሳዩኝ። ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኗል። በጣት ሳብ ሲያደርጉት ልጡ እንደ እርጥብ ወረቀት ተላጠ። ሽታው የረጋ ውሃ ሽታ ነው።

ችግኟ አልተረፈችም። ከዚያ ወዲህ እዚህ ጅማ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው መስኮት ሥር ወዳለው ተክል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማየውም ያንኑ ስህተት ነው።

ትልቁ ስህተት ቅጠሉን ብቻ አይቶ ውሃ ማጠጣት ነው። ውሃ የበዛበትም ውሃ ያነሰውም ተክል ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ይጠወልጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች በውሃ ሲሞሉ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። እኛ ደግሞ ሌላ ጣሳ እንጨምርበታለን።

መለየቱ ግን አይከብድም። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ቀጥሎ ዕቃውን አንሱና ክብደቱን መዝኑ። አፈሩ እርጥብ፣ ዕቃው ከባድ፣ ቅጠሉ ለስላሳ ሆኖ ከታች ከታች ቢጫ እየሆነ ከመጣ ውሃ በዝቷል። ዕቃው ቀሎ፣ ቅጠሉ ሳስቶና ደርቆ ሲነካ ኮሽ ካለ፣ አፈሩም ከዕቃው ጠርዝ ከተላቀቀ ውሃ አንሷል። እንዲህ ከደረቀ ከላይ ብታፈሱበት ውሃው በዳር በዳሩ ሾልኮ ይወጣል፣ መሃሉ ደረቅ ይቀራል። ይልቅ ሳፋ ላይ ውሃ አድርጉና ተክሉን ከነዕቃው ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ከሥር ይጠጣል።

ቀን ቆጥሮ ማጠጣትም ብዙ ተክል ይገድላል። «በሁለት ቀን አንዴ» የሚባለው ምክር ለጥር ቢሠራ እንኳ ለነሐሴ አይሠራም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ ዝናብ አይጠፋም። ዝናቡ ሳሎን ባይገባም ደመናውና እርጥበቱ ይገባል። ብርሃን ሲያንስ ተክሉ የሚጠጣው ያንሳል፣ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም። በበጋ ግን፣ በተለይ ቆርቆሮው በሚያግልበት ቤት፣ ያው ተክል ቶሎ ቶሎ ይጠማል። ቀኑን ተዉትና ጣታችሁን እመኑ።

ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ሌላው ነው። ብዙ ሰው የቀለም ባልዲ ውስጥ ይተክልና ውሃው እንዲጠልል ብሎ ከታች ጠጠር ያደርጋል። ጠጠሩ አይረዳም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይከማቻል። ያውም ሥሩ ያለበት ቦታ። ሚስማር አግላችሁ ከታች አራት አምስት ቦታ ብሱት።

የግቢያችን ቀይ አፈር መሬት ላይ ሸጋ ነው። ዕቃ ውስጥ ብቻውን ሲገባ ግን ይጠቀጠቃል፣ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይሆናል። እኔ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ ግማሽ እጅ አሸዋ እቀላቅላለሁ። የቡና ገለፈት ያላችሁ በደንብ ሳይበሰብስ አትጠቀሙበት። ጥሬው ሲበሰብስ ይግላል፣ ናይትሮጅኑንም ከተክሉ ይሻማል።

ከሦስቱ ስኒ በኋላ አተላውን አበባው ላይ መድፋት ልማዳችን ነው። ሲደጋገም ከላይ እንደ ቅርፊት ይደርቅና ውሃ አላስገባ ይላል። ዩሪያ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ለአንዲት ጀሪካን አንድ ማንኪያ እንኳ ይበዛል። ቅጠሉ ጠቁሮ እንደ ጥፍር ወደ ታች ከታጠፈና ጫፉ ካረረ ማዳበሪያ በዝቶበታል። ከታች እየፈሰሰ እስኪወጣ ብዙ ውሃ አፍሱበት፣ ከዚያ እስኪደርቅ ተዉት።

እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ወደ ላይ እንደ ጀልባ ቢታጠፍ አትደንግጡ። ፀሐይ ሽሽት ነው። ማታ ተመልከቱት፣ ከተዘረጋ ደህና ነው። ቡና ጫካ ውስጥ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ያደገ ዛፍ ነው። መስታወት ላይ ከምታስጠጉት ስስ መጋረጃ ጋርዱለት።

በመጨረሻ ቅጠሉን ገልብጡት። የሚጠቀለለው ለጋው ቅጠል ብቻ ከሆነ፣ ከጀርባውም የሚያጣብቅ ነገር ካለ፣ ጉንዳንም ከተመላለሰ ክሽክሽ የሚባለው፣ የቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ትንሽ ተባይ ነው። ውሃ መጨመርም መቀነስም አያድነውም። በቀጭን የሳሙና ውሃ ጀርባውን እጠቡት፣ በየአራት አምስት ቀኑ ድገሙት።

አንዴ የተጠቀለለ ቅጠል ብዙ ጊዜ አይዘረጋም፣ በሱ አትፍረዱ። አዲሱን ጠብቁ። እማማ በኋላ ሌላ ችግኝ ሰጡኝ። መስከረም ላይ ከጫፏ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች ፊት ለፊት ወጡ፤ የሚያብረቀርቁ፣ ቀጥ ያሉ።